ከበሩ በፊት መጠለያው
(በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ምግብ ሲያሰናዱ ላደሩ እናቶቻችን እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዓመቱ ሥራ ባጭሩ ይኸው። ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ገዝተናል። ጎንደር ለሚማሩ ልጆቻችን የቤት ኪራይ ደጉመናል። ችግኝም ተክለናል። ዝርዝሩ ጸሐፊያችን ጋ አለ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው፤ ታውቁታላችሁ። በከተማችን በአምባ ጊዮርጊስ መግቢያ ላይ የክብር በር እናቁም ወይስ የገበያ መጠለያ እንሥራ? በዚህ ተኮራርፈናል። ስብሰባ ረግጠው የወጡም አሉ።

የበሩን ሐሳብ ያመጡትን አልነቅፍም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሁሉ በከተማችን መሃል ያልፋል። ሰላም ሲሆን የሚመጣው ቱሪስት እኛ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ኮሶዬ ቆሞ ገደሉን ፎቶ ያነሣና ሰሜን ተራሮች እስኪደርስ አይወርድም። ይቆጫል። በር ስላቆምን ግን መኪናው አይቆምም።

ከተማችን የምትኖረው በገበያው ነው። በገብሱ፣ በባቄላው፣ በድንቹ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በአውሮፓውያኑ 1770 በወገራ በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ አገራችንን ከጎንደር ጎተራዎች እንደ አንዷ ቆጥሯታል። ዛሬም ጎንደር ከእኛ ትበላለች።

እስቲ በገበያ ቀን ሂዱና እዩ። እናት ገብሷን ከረጢት ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ደመናው ሲጠቁር ነጋዴው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ዋጋ አይጠራም። ማካፋት ሲጀምር ይመጣል። እህሉ ሊረጥብባት ነው፣ ተሸክማው መመለስ አትችልም። በጠራው ዋጋ ትሰጠዋለች። በዚያ ብር ጨው፣ ዘይት፣ የልጅ ደብተር ልትገዛ ነበር። እሷ ሳትገዛ ስትገባ ባለሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም ሳይሠራ ይውላል። ከላይዋ ቆርቆሮ ቢኖር ግን ተረጋግታ ትከራከረዋለች።

የከተማው ወጣቶች ያኮሩኛል። ለመጠለያው የሚሆነውን ድንጋይ በጉልበታቸው ፈልጠው ከምረዋል። አሁን ክምሩ ላይ ሣር በቅሏል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ መግዣ የለንም። አምና በጭብጨባ ቃል ከተገባልን ገንዘብ አብዛኛው አልገባም።

ቅሬታዬ እዚህ በተገኛችሁት ላይ አይደለም። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ይህ ንግግር በቴሌግራም ይደርሳችኋል። «በርቱ» ትሉናላችሁ። ስንደውል ስልክ አይነሣም። በስም አልጠራችሁም። ግን የተማራችሁት በዚያ ገበያ ገብስ ነው። እናቶቻችሁ ዝናብ እየመታቸው በሸጡት።

ከምሳ በፊት ድምፅ እንሰጣለን። የበሩ ደጋፊዎች ቀድመው ይናገሩ፤ ማንም እንዳያቋርጣቸው። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዛ መውጫው አጠገብ ተቀምጣለች። ጉባኤው ተከፍቷል።