የኔ በየትኛው ፊት ነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከባሕር ዳር ነኝ። ዛሬ መብራት አለ። ዝናቡ ግን ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ከጀርባዬ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው፤ ማይኩ አልተበላሸም።

ጠዋት አንዲት ዘፋኝ ደወለችልኝ። "ሸክላው ደረሰ አሉ፤ የኔ በየትኛው ፊት ነው?" አለችኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁት። ምን ስብሰባ አለኝ! ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ነበር።

ለአዲስ አድማጮች፣ እኔና ጓደኛዬ ትንሽ ሌብል፣ ማለትም ሙዚቃ አሳታሚ፣ አለን። ትንሽ ስል ሁለት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ከአክስቴ ቤት የተረፈ አንድ የሸክላ ማጫወቻ። የጎጃም ጭፈራ እንቀዳና ውጭ ሀገር በሸክላ እናሳትማለን። የመጀመሪያው 300 ኮፒ ነው። ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ "ለሰፈሩ ነው?" አሉኝ። ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ለሰፈሩ አይደለም፤ በሰፈሩ ከእኔ በቀር ማጫወቻ ያለው ሰው አላውቅም። የሚገዙን ውጭ ያሉ ዲጄዎችና ሸክላ ሰብሳቢዎች ናቸው።

ስድስት ዘፈን ቀዳን። በየፊቱ ሦስት፣ በደቂቃ 33 ዙር። ከወራት በኋላ የሙከራው ሸክላ መጣ። ጋሼን ጠርቼ መርፌውን አስቀመጥኩት። ከበሮው ደረት ይመታል። ጋሼ አንገታቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ተወዛዋዦቹ እስክስታ ሲወርዱ በጥርሳቸው መሃል የሚለቁት "እስስ… እስስ…" አለ አይደል? ትከሻውን የሚነዳው ያ ትንፋሽ። እሱ ዘይት ውስጥ እንደገባ ዓሣ ተንጨረጨረ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። አሥራ ሁለት ኢንች ሸክላ ጠርዙ ላይ በአንድ ዙር ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ቦይ ለመርፌው ይሰጠዋል። ወደ መሃል ሲጠጋ ዙሩ ከ40 በታች ይወርዳል። ዙሩ የሚፈጀው ጊዜ ግን ያው ነው። ስለዚህ ድምፁ ይታጨቃል፤ መጀመሪያ የሚጎዱት ደግሞ "ስ" እና "ሽ" ናቸው። የእኛ ጭፈራ ቀስ ብሎ ጀምሮ የሚግለው መጨረሻ ላይ ነው። ትንፋሹ የሚበዛው ሸክላው በሚደክምበት ቦታ ላይ ሆነ ማለት ነው።

ሸክላውን የሚቀርጸው ባለሙያ በኢሜይል ምርጫ ሰጠኝ። አንድ፣ ትንፋሹን እንቀንሰው። ሞከርነው። ሰዎቹ ቆመው የሚያጨበጭቡ መሰለ። ሁለት፣ የጋለውን ዘፈን ወደ መጀመሪያ እናምጣው። ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ሰርግ ከመጨረሻው ይጀመራል እንዴ?" አሉኝ።

የቀረው ዘፈን መቀነስና በ45 ዙር ማሳተም ነው። ፍጥነቱ ከሲሶ በላይ ይጨምራል፤ ሙዚቃው ስለሚያጥርም መርፌው ወደ መሃል እንደ በፊቱ ሳይጠጋ ያልቃል። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። እሱ ያንን አልፎ በውጭ ሀገር ያሳተማቸው ትናንሾቹ ሸክላዎች በ45 ዙር የሚሄዱ፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን የያዙ ነበሩ። አክስቴ ቤት ያደግኩት እነሱን እየነካካሁ፣ እየተቆጡኝም ነው። ብዙ ዘፈን ማጨቅን የለመድነው በኋላ በካሴት ይመስለኛል። እኔም ሸክላውን እንደ ካሴት ነበር የቆጠርኩት።

በየፊቱ ሁለት አደረግን። ሁለት ዘፈን ወደቀ። አንዱን ጋሼ ራሳቸው "ይቅር" አሉ፤ ማሲንቆው ደክሟል ብለው። ሁለተኛው የእሷ ነው፤ ጠዋት የደወለችልኝ።

ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀስ ያለ ዘፈን ነው፣ ዲጄ አያጫውተውም ብዬ። አሁን ሳስበው ከስድስቱ ደጋግሜ የምሰማው እሱን ነው። ዲጄ አያጫውተውም ያልኩት ግን እውነት ነው፤ ዛሬም ያወጣው ብባል አወጣው ነበር። ያጠፋሁት ሌላ ነው፤ አልነገርኳትም። የሙከራው ሸክላ ከተመለሰ አምስት ወር ሆነ። በእነዚህ አምስት ወራት ሁለቴ መንገድ ላይ አግኝታኛለች። አንዴ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።

የቀዳናት ሌሊት ነበር። ውሾቹ ዝም እስኪሉ ጠብቀን። ጨርሳ ነጠላዋን ስታስተካክል "ለእናቴ አንድ ታስቀምጥልኛለህ?" አለችኝ። "ማጫወቻ አላቸው?" አልኳት። "የለንም፤ ግድግዳ ላይ እሰቅልላታለሁ" አለችኝ።

"ሁለት አስቀምጥልሻለሁ" አልኩ። አፌ አያርፍም።

ካርቶኖቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ሁለቱን ለይቼ ጠረጴዛው ላይ አድርጌያለሁ። ሽፋኑ ላይ የአራት ሰው ስም አለ፤ የእሷ የለም። ቁጥሯን አውጥቼዋለሁ። ቀረጻውን ላቁመው፣ ቻው።