ስምንቱ ብሎኖች

ክቡራትና ክቡራን፣ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከመርካቶ የመጣችሁ የእጅ ሙያተኞች፣ ውድ ተማሪዎች፤

በዚህ መድረክ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ የምታዩትን የእጅ ሰዓት በትርፍ ጊዜዬ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሥራ እንዳልሆነ ከወዲሁ መናገር ይገባኛል። በውስጡ ያለው ማሽን የጃፓኑ ሴይኮ ወገን የሆነ፣ “ኤንኤች 35” የሚባል፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ማሽን ነው። በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ አንዴ ጥግ ድረስ ከተሞላ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። መስታወቱንና ቆጣሪዎቹንም ገዝቻለሁ። የእኔ የምለው ቤቱን፣ መስታወቱን የከበበውን ባለስምንት ማዕዘን ክፈፍና ቁጥሮቹ ያረፉበትን ፊት ብቻ ነው።

መነሻ የሆነኝ ኦዴማር ፒጌ የተባለው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በእኛ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው “ሮያል ኦክ” ነው። ንድፉን ያወጣው ዤራልድ ዤንታ ነበር፤ ሐሳቡንም ያገኘው በብሎን ከሚታሰረው የድሮ ጠላቂ ዋናተኞች የራስ ቁር እንደሆነ ተናግሯል። በዚያን ጊዜ ውድ ሰዓት ማለት ክብ፣ ስስና ወርቅ ማለት ነበር፤ መጋጠሚያውም እንዳይታይ ይደበቃል። ዤንታ ግን ተራ የሚባለውን ብረት መርጦ፣ ልብስ ሰፊ ክሩን ወደ ውጭ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ብሎኖቹን ፊት ለፊት አወጣቸው። ይህ የብረት ሰዓት ከብዙ የወርቅ ሰዓቶች በላቀ ዋጋ መሸጡ በጊዜው አስገርሟል፤ እኔን ግን የሳበኝ ዋጋው ሳይሆን ብሎኖቹ ናቸው።

የሮያል ኦክን ፎቶግራፍ አጉልታችሁ ብታዩት፣ በስምንቱም ብሎኖች ራስ ላይ ያለው የካቻቢቴ መግቢያ የክፈፉን ዙሪያ ተከትሎ የተሰለፈ ነው፤ አንዱም አልተጣመመም። ብሎን አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል፤ ብሎን የሚቆመው ሲጠብቅ እንጂ እኛ እንዲቆምልን በፈለግንበት አይደለምና። እኔ ግን ጉዳዩ የትዕግሥት ብቻ መስሎኝ የመጀመሪያውን ክፈፍ ከናስ ቆርጬ፣ ስምንት ተራ ብሎኖች ገዝቼ አሰርኩት። መግቢያዎቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ዞረው ቀሩ። እነሱን ለማሰለፍ አንዱን ላላ፣ ሌላውን ጠበቅ ሳደርግ ክፈፉ መስታወቱን በእኩል መጫን አቃተውና፣ አንድ ቀን እጄን ስታጠብ ውሃ ገባበት። የመጀመሪያው ማሽን በዚሁ ዛገ።

ነገሩን ይዤ ፒያሳ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሰዓት ሥራ ወደጨረሱ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። “ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ብሎኑን እንዴት አድርገው ነው በልካቸው የሚያቆሙት?” ስላቸው፣ ፎቶግራፉን በአጉሊ መነጽራቸው አይተው ሳቁ። “ልጄ፣ ይሄ መቼ ይዞርና! የሚዞረው ከኋላ ነው” አሉኝ። እውነትም የሮያል ኦክ ብሎን ራሱ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ልኩ በሆነ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጥ መዞር አይችልም፤ ክፈፉንና ቤቱን አልፎ ሄዶ በጀርባ በኩል ባለ ዳዶ ይጠብቃል። ፊት ለፊት የሚታየው የካቻቢቴ መግቢያ በካቻቢቴ አይነካም። እኔ ለወራት የታገልኩት ከማይዞር ብሎን ጋር ነበር።

ምስጢሩን ማወቅ አንድ ነገር፣ መሥራት ሌላ ነገር ነው። ዳር ድረስ የማይበሳ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ በሞረድ ማውጣት አይቻልም፤ ሞረዱ የሚያልፍበት የለውም። ስለዚህ ከምናለሽ ተራ በገዛሁት የማይዝግ ብረት ክፈፉን ከሁለት ስስ ሳህን ሠራሁት፤ የላይኛው ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ፣ የታችኛው ክብ ቀዳዳ አለው። 48ቱን ጎኖች በወርቅ ሠሪ ቀጭን ሞረድ አንድ በአንድ አስተካክዬ ስጨርስ፣ አንድ ወዳጄ የሆነ ወርቅ ሠሪ ሁለቱን ሳህኖች በብር ብየዳ አገናኘልኝ። ከዚያ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፤ እጅ አንዴ ከተመለሰ ጭረቱ ይታያልና እንደገና ከመጀመሪያው።

ስለ ፊቱም ጥቂት ልበል። በዋናው ሰዓት ፊት ላይ ያሉት ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የሚወጡት በልዩ የመቅረጫ ማሽን ነው፤ እኔ ዘንድ የለም። የመሶብ ጥለት ላስቀርጽ ሞክሬ ቁጥሮቹን ስለዋጠብኝ ተውኩት። ቁጥሮቹ የግዕዝ ናቸው። ከላይና ከታች ያላቸው ሰረዝ በዚህ መጠን ሲቀረጽ አንዱ ከሌላው ይጋጠማል፤ ፲፩ እና ፲፪ ደግሞ ሁለት ሁለት ምልክት ስለሆኑ ቦታ ያጣብባሉ። ሌሎቹ ሰዓቶች 12 ባስቀመጡበት ራስጌ ላይ ፮ን፣ ግርጌ ላይ ፲፪ን አድርጌያለሁ። በዚህም ሰዓቱ በውጭ አገር አቆጣጠር እንደተሞላ ሆኖ፣ ጠዋት አጭሩ ቆጣሪ ፩ ላይ ሲደርስ እናቴ “አንድ ሰዓት” የምትለው ያው ነው፤ ደቂቃው እንደተለመደው ከራስጌ ይጀምራል።

ፊቱን የቀረጸልኝ ባለሙያ የታዋቂውን ድርጅት ስምም በነጻ ሊጽፍልኝ በቅንነት ጠይቆኝ ነበር። ከሥራው ሁሉ የሚቀልለው እሱ ነበር። እምቢ ያልኩት የንግድ ምልክትን የሚጠብቀውን አዋጅ ቁጥር 501/1998 ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ያ ስም ቢጻፍበት ያወጣሁት ስድስት ማዕዘን ሁሉ የማጭበርበሪያ ዕቃ ይሆንብኝ ነበር። ቅርጹ የሌላ ሰው ሐሳብ መሆኑን ስለማውቅም ሰዓቱን አስሬዋለሁ እንጂ አልሸጠውም፤ ሁለት ሰዎች ዋጋ ጠይቀውኛል።

አንድ ጉድለት ግን አሁንም አለ። ዋናው የ1972 ሰዓት በውስጡ ያለው ማሽን ውፍረት 3.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእኔው 5.32 ነው፤ በዚያ ላይ ሁለቱ ሳህኖች ሲደረቡ ሰዓቱ ከእጅጌ ሥር አልገባ ብሏል። ከአንድ ወጥ ብረት፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚቆርጥ ማሽን ስምንቱን ጉድጓዶች ሊያወጣልኝ የሚችል ቶርኖ ቤት የሚያውቅ ከመካከላችሁ ካለ፣ ከመድረኩ ስወርድ እንዲያነጋግረኝ እለምናለሁ። ሰዓቱን አንስታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ከጀርባ ያሉትን ዳዶዎች ብቻ አትንኩብኝ።