ውሻ፣ ኩሬ፣ ወጌሻና የወዳደቀ ብረት፦ የሕፃናት ሐኪም ለወሎ አድማጮች የሰጠው መልስ

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሳምንት የሬዲዮ ዝግጅታችን የስልክ መስመር መጨናነቁ አይገርምም። ልጆች ቀኑን ሙሉ ደጅ ናቸው፣ ክረምቱ ገብቷል፣ ወላጅ ደግሞ ወይ እርሻ ወይ ገበያ ላይ ነው። በአየር ሰዓት ማነስ የተቆረጡትን መልሶች አሟልቼ እዚህ ጽፌአለሁ። የደዋዮቹን ስም ትቻለሁ። አካባቢያቸውን ግን አልተውኩም፤ የደሴ ልጅና የቆቦ ልጅ የሚጠብቃቸው አደጋ አንድ አይደለምና።

ጥያቄ፦ «ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የምደውለው። ግቢያችን አጥር የለውም፤ ከበራፉ ሲወጡ መንገድ ነው፣ ባጃጁም ፋታ አይሰጥም። የአራት ዓመት ልጄን በር ዘግቼበት ስልክ እሰጠዋለሁ። ጎረቤቶቼ ‹ልጁን አሰርሽው› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ ልክ ናቸው፤ የእርስዎም ፍርሃት ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 60 ደቂቃው ላብ የሚያወጣ ሩጫና ዝላይ ይሁን ይላል። ስልክና ቴሌቪዥን ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ፀሐይ የማያገኝ ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። ስለዚህ መዝጋቱ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል።

የደሴ ችግር ዳገቱ ነው። ሜዳ የሚባል ነገር ብርቅ በሆነበት ከተማ ያመለጠች ኳስ አስፋልት ሳትደርስ አትቆምም፤ ልጁም ተከትሏት ይወርዳል። የዚህ ዕድሜ ልጅ የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደሚርቅና እንደሚፈጥን መገመት አይችልም። ይህ የጨዋነት ወይም የጥጋብ ጉዳይ አይደለም፤ አእምሮው ገና አልደረሰበትም። ስለዚህ «መኪና ሲመጣ ተጠንቀቅ» ከማለት ይልቅ አንድ የማይለወጥ ሕግ ይስጡት፦ ኳሷ ከሄደች ትሂድ፣ አዋቂ ያመጣታል። ይህን በቃል ብቻ አይተዉት። ኳሷን ራስዎ ወደ መንገዱ አንከባለው ልጁ ቆሞ እርስዎን ሲጠራ እያሞገሱ ደጋግመው ያለማምዱት። በራፉ ላይ ከጣውላ የተሠራ፣ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ያለ ግማሽ በር ቢያሠሩ ደግሞ አየርም ፀሐይም ይገባል፤ እርስዎም ሥራዎን እየሠሩ ያዩታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የቆመ ሲኖትራክ ጥላ ልጆችን ይስባል፤ ከጎማው ሥር ብይ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ከመኪናው ሥርና ከኋላው ያለውን ትንሽ ልጅ አያይም። የቆመ መኪና አጠገብ ጨዋታ የለም።

ጠባቂን በተመለከተ፣ ቡናው በየተራ በየቤቱ እንደሚፈላ ሁሉ ልጅ መጠበቁም በተራ ይሁን። ግን ተራው የማን እንደሆነ በግልጽ ይነገር። አሥር አዋቂ በተቀመጠበት ቡና ላይ ልጁን የሚያይ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ «ከቆቦ ነው። ላስቲክ የተነጠፈበት የመስኖ ኩሬ አለን። ዓምና የጎረቤት ፍየል ገብታ ሞታበታለች። ትልቋ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት። እሷ ትጠብቀዋለች። ይበቃል ወይ ዶክተር?»

መልስ፦ አይበቃም። ፍየሏ ነግራዎታለች። ባለ አራት ሰኮና እንስሳ መውጣት ካቃታት፣ እርጥብ ላስቲክ ላይ የሕፃን እግር ምን ይይዛል? የስምንት ዓመት ልጅ ራሷ ልጅ ናት። ወንድሟ ሲወድቅ ብታይ ለማውጣት ትገባለች፤ ያን ጊዜ ሁለት ይሆናሉ።

በመጀመሪያ አጥር ይጠሩ። የግራር እሾህ ሞልቶ የለም? ዙሪያውን ልጅ በማይሾልክበት ጥግግት ይጠረው፤ በሩም ትንሹ የማይደርስበት ከፍታ ላይ የሚዘጋ ይሁን። ቀጥሎ መውጫ ያብጁለት፦ ዳር ላይ ጠንካራ ችካል ተክለው በየክንዱ የተቋጠረ ወፍራም ገመድ እስከ ታችኛው ውሃ ድረስ ይልቀቁ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን በየወገኑ። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን በረጅም ገመድ አስረው አጥሩ ላይ ይስቀሉ። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሰው ይይዛል። ለልጅቱ የሚነገራት ይህ ነው፦ አትግቢ፤ ጀሪካኑን ወርውሪ፣ ጩኺ።

ብዙ ወላጅ የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል ብሎ ያስባል። ሕፃን ሲሰጥም ድምፅ የለውም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ነው። ጥልቅ ውሃም አያስፈልገውም። በዚያ ዕድሜ ጭንቅላት ከሰውነት አንጻር ከባድ ስለሆነ ወደ ባልዲ የጎነበሰ ልጅ ተደፍቶ ይቀራል፣ መነሣት አይችልም። ልብስ የታጠበበት ውሃ ሥራው እንዳለቀ ይደፋ፣ ሮቶውና በርሜሉ ይከደኑ።

የቆቦ ሰው ስለሆኑ ስለ ወንዙም ልናገር። የጎሊናና የሆርማት አሸዋ ለልጅ ደስ ይላል። ክረምት ላይ ግን ቆቦ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደረቅም ቢሆን የወንዝ ወለል የመጫወቻ ቦታ አይደለም።

ልጅ ከውሃ ከወጣ በኋላ በእግሩ ገልብጦ ማንጠልጠልና ሆድ መጫን የተለመደ ነው፤ ይህ ጊዜ ያባክናል፣ ከሆዱ የሚወጣውንም ወደ ሳንባው ይሰድዳል። እስትንፋስ ከሌለው በጀርባው አስተኝተው አገጩን ቀና ያድርጉ፣ አፍንጫውን ይያዙ፣ አፍዎን አፉ ላይ ገጥመው ደረቱ ከፍ እስኪል አምስት ጊዜ ይተንፍሱለት። ካልነቃ የደረቱን መሐል በአንድ እጅ መዳፍ ፈጠን ፈጠን አድርገው 30 ጊዜ ይጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ይተንፍሱ፤ እንዲሁ እያፈራረቁ እርዳታ እስኪደርስ አያቋርጡ። ቢነቃም ሐኪም ይየው፤ ውሃ የገባው ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ሊያስቸግር ይችላል።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ ከኩታበር ነኝ። የልጅ ልጄ ከወይራ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ትናንት ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረልን። ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። ዛሬ ጣቶቹ አብጠው ጠቆር ብለዋል። ወጌሻው ‹እየጠገገ ነው፣ አትንኩት› ይላል። እውነት ነው?»

መልስ፦ ለእኚህ እናት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፦ «እማማ፣ ስልኩን ሳይዘጉ ማሰሪያውን አሁን ያስፈቱት። ወጌሻውን አይጠብቁ። ክንዱን በነጠላ ላላ አድርገው አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል ይዘውት ይውረዱ።» ለሌሎቻችሁ ምክንያቱን ላብራራ፤ በዚህ መንገድ እጃቸውን ያጡ ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች እንግዳ አይደሉም።

የተሰበረ እጅ ሁለት ሦስት ቀን ማበጡን ይቀጥላል። ቀርከሃውና ገመዱ ግን አይሰፉም። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ የደም ሥሮቹን ያፍናል፤ ደም ያላገኘ ጡንቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ሌሊቱን ሙሉ ያልተቋረጠው ልቅሶ የዚያ ምልክት ነው። በሚገባ የታሰረ ስብራት ሕመሙ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ከዚያ ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። ሲደነዝዝ ልጁ ዝም ይላል፤ ቤተሰብም «ተሻለው» ብሎ ይተኛል። እኔ ከልቅሶው ይልቅ የምፈራው ይህን ዝምታ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ምርመራ አለ። የታሰረውን እጅ ጣት ጥፍር ነጣ እስኪል ይጫኑና ይልቀቁ። ቀይነቱ በሁለት ሴኮንድ ያህል ውስጥ ካልተመለሰ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። ቀጥሎ ጣቶቹን ቀስ ብለው ያቅኑ፤ ልጁ ከጮኸ ወይም ራሱ ማንቀሳቀስ ካቃተው ማሰሪያው ይፈታ። በሆስፒታል ጄሶ የታሰረለት ልጅም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ እንዲሁ ይታይ። ይህ ምልክት ከመጣ ጄሶ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወዲያው ተመለሱ።

ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ብዙ ሰው የታመነበት ሙያ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የልጅ ስብራት ግን፣ በተለይ ክርን አካባቢ ያለው፣ ዋናው የደም ሥር አጠገብ ስለሚሆን በዓይንና በእጅ ብቻ አይለይም፤ ራጅ ይፈልጋል። ወጌሻው ጋ መሄዱ የማይቀር ከሆነ ጠፍሮ እንዳያስር ይነገረው፤ ጣቶቹም ከማሰሪያው ውጭ ይታዩ።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ ማስመለስ፣ አልነቃ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌኖች መበላለጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም ውሃ መሰል ነገር መውጣት ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ይወሰድ።

ጥያቄ፦ «ሰላም አለይኩም ዶክተር፣ ከከሚሴ ነው። ልጄን የሰፈር ቡችላ ነክሶታል፤ ትንሽ ነው፣ ጭረት ነው የሚመስለው። የነገረን በሦስተኛው ቀን ነው፣ እንዳንቆጣው ፈርቶ። የባህል መድኃኒት የሚሰጡ ሰው አሉ። ይሻል ይሆን?»

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። ሦስት ቀን አልረፈደም፤ ግን አራተኛውን አይጠብቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚያድነው ቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ነው። ክትባቱ ተከታታይ ነው፣ ልጁ ደህና መስሎ ቢታይም እስከ መጨረሻው ቀጠሮ ይወሰድ። ቡችላም ያስተላልፋል። ጭረትም ቆዳውን ካለፈ በቂ ነው። ፊትና አንገት ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ አንጎል ቅርብ ስለሆነ በሽታው ቶሎ ይደርሳል።

ንክሻው እንደ ደረሰ የሚደረገው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ሲታጠብ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይታይ። በርበሬ፣ አመድ፣ የቅጠል ጭማቂ አይደረግበትም። ውሻውንም ገድላችሁ አትቅበሩ፤ ሳይነክሳችሁ መያዝ ከተቻለ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። ክትባቱ ግን የአሥሩን ቀን ውጤት አይጠብቅም።

አሁን ወደ ሦስቱ ቀን ልመለስ። ልጅዎ ከውሻው ይልቅ ቁጣውን ፈርቷል፤ ይህን በየሳምንቱ አያለሁ። «ለምን ነካኸው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ዛሬ «ስለ ነገርከኝ ጎበዝ» ይባል።

ጥያቄ፦ «ከወልድያ ዙሪያ ነኝ። ልጆች ከማሳና ከጉድባ ብረታ ብረት እየለቀሙ ለቆራሌው ይሸጣሉ። ልጄ አንድ የዛገ፣ ጫፉ ሾጣጣ ነገር አምጥቶ ከዶሮ ቤቱ ኋላ ደብቋል። ወስጄ ገደል ልጣለው?»

መልስ፦ አይንኩት። አያንቀሳቅሱት፣ አይቅበሩት፣ ውሃ አያፍስሱበት። ዶሮዎቹን ተዉአቸውና፣ ልጆቹን ይዛችሁ ሁላችሁም ከግቢው ውጡ፤ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ሰው እንዳይገባ ይጠብቅ፣ ሌላው ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ይንገር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ባለፈባቸው የወሎ ቦታዎች ያልፈነዳ ጥይት፣ የእጅ ቦምብና የከባድ መሣሪያ ተተኳሽ አሁንም ይገኛል። ዝገት አያመክነውም። ወድቆ ያልፈነዳ ማለት የከሸፈ ማለት አይደለም፤ አንዳንዱን ለማፈንዳት መወርወር፣ በድንጋይ መምታት ወይም እሳት ውስጥ መጣል ብቻ ይበቃል። ልጆች ደግሞ እነዚህን ሦስቱንም ያደርጋሉ።

ለልጆች የሚነገረው አጭር ይሁን፦ የማታውቀውን ብረት አትንካ፣ በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ለአዋቂ ተናገር። ልጆች በቡድን ስለሚለቅሙ የጓደኞቹ ወላጆችም ዛሬውኑ ይስሙ። ቆራሌውንም አነጋግሩት፤ ከልጅ ብረት መግዛት ካቆመ ለቀማው ግማሹ ይቀራል። ልጁን ግን አይምቱት። ሌላም የደበቀው ካለ የሚናገረው ካልተመታ ብቻ ነው።

በአጭር መልእክት የደረሱኝን ሦስቱን በአጭሩ ልመልስ።

ከኮምቦልቻ፦ «ልጄ ከአጥር ሥር የበቀለ የዕፀ ፋሪስ ፍሬ በልታ ትቀባዥራለች፣ ዓይኗ ፈጧል።» አሁኑኑ ሆስፒታል። ወተት አታጠጡ፣ ጣት ከተው አያስመልሷት። ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ሲያየው ጊዜ ይቆጥባል። ዕፀ ፋሪስና ጉሎ ልጅ ከሚጫወትበት ግቢ ተነቅለው ይጣሉ።

ከባቲ፦ «የቁልቋል ወተት ዓይኑ ውስጥ ገባ።» ሳታሹት በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ዓይን ሐኪም ጋ ውሰዱት። የእናት ጡት ወተት አትጨምሩበት።

ከሐይቅ ደግሞ አንድ አባት፦ «እኛ ሐይቁ ውስጥ ዋኝተን ነው ያደግን፤ ልጆቹን ምን ብለን እንከልክል?» ብለዋል። መዋኘቱን መከልከል የሚሳካ አይመስለኝም። ነገር ግን ቢልሃርዚያ በሐይቅና በመርሳ አካባቢ የታወቀ ነው፤ ዳር ዳሩን ካለው ቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥገኛ በቆዳ ይገባል፣ ቁስል አያስፈልገውም። በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የቢልሃርዚያ መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ ልጆቹ ሳይቀሩ ይዋጡ። ሰገራ ላይ ደም ካዩ ወይም ሆድ ቁርጠቱ ከተደጋገመ ጤና ጣቢያ ያስመርምሩ። ለትምህርት ያልደረሱት ግን ውሃው ዳር ብቻቸውን አይሂዱ።