8 ሚሊ ከምን ጋር?

እህቶቼ ወንድሞቼ፣ እንኳን ለነርሶች ቀን አደረሳችሁ! ፕሮግራሙ ላይ «አስተማማኝ የጤና መረጃ ከኢንተርኔት» ብለው ጽፈውልኛል፣ እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ ስክሪንሾት ነው።

ናይት ዲዩቲ ነበርኩ፣ ማዋለጃ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሪፈር ተብላ የመጣች እናት፣ ግፊቷ ሰማይ ነክቷል፣ አይኔ ብዥ አለብኝ ትላለች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፣ መንቀጥቀጥ ነው። እሱን የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ማዘጋጀት አለብኝ። ግድግዳው ላይ የነበረው ፕሮቶኮል ቀለም ሲቀባ ተነስቶ በዛው ቀርቷል (ማን እንዳነሳው እስካሁን አልታወቀም)፣ ስለዚህ ቴሌግራም ከፈትኩ፣ ግሩፓችን ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ሠንጠረዥ አለ፣ ከ50 ፐርሰንቱ መድኃኒት 8 ሚሊ በደም ስር ይላል። ሳብኩ። አብራኝ ያለችው ሲስተር ሲሪንጁን አይታ «ማቅጠኛውስ?» አለችኝ። የምን ማቅጠኛ? ለካ 12 ሚሊ ስቴራይል ውሃ ተጨምሮበት 20 ሚሊ ይሁን የሚለውን መስመር ስክሪንሾቱን ያነሳው ሰው ቆርጦታል! እንደዛው ብሰጣት ትንፋሿን ሊያቆመው ይችል ነበር። እናትየዋ በሰላም ወለደች፣ ተመስገን፣ እኔ ግን እጄ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

ያንን ሠንጠረዥ ማን አወጣው? መቼ? ሙሉው የት አለ? አልጠየቅኩም። አሁንም የእርግዝና ክትትል አራት ጊዜ የሚል ፒዲኤፍ ይዞራል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ ወደ 8 ካሳደገው ስንት ጊዜው! ሎጎ አለው አትበሉኝ፣ ሎጎ ማንም ይለጥፋል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ዶክተሩ ስልክ ሲያይ «እያነበበ ነው»፣ ነርሷ ስታይ «ቲክቶክ ላይ ናት»! ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት ልጅ እዚሁ መሃላችን ተቀምጣለች፣ ስታይ የነበረው ዶዝ ነው! ዋይፋዩ አስተዳደር ቢሮ ይሞላል፣ ዋርድ ሲደርስ ይሞታል፣ የታካሚን ዶዝ በራሳችን ካርድ ነው የምንፈልገው!

ሂናሪ የሚባል ነገር አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ የጀመረው፣ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ የሚከፍት። ፓስዎርዱ የሚሰጠው ለተቋም ነው፣ እኛ ጋ ማን እንደያዘው አምስት ቢሮ ዞሬ አላገኘሁም። የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያው ፐብሜድም ነጻ ነው፣ አብስትራክቱን፣ ማለትም የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ፣ ብቻ አይታችሁ ግን ዶዝ እንዳትወስኑ። ስለ ቻትጂፒቲ ሌላ ቀን።

ዶክተር፣ እርስዎ ዳይሬክተራችን ነዎት፣ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሁለት ነገር ልለምንዎት። ፓስዎርዱ ለየዋርዱ ይሰጥ። ፕሮቶኮሉም ወደ ግድግዳው ይመለስ፣ ሚስማሩ አሁንም እዛው አለ።