«2 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ሲሏችሁ

እንደምን ዋላችሁ! ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለገባችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ። ላፕቶፕ ጠጋኝ ነኝ። ስለዚህ ሰው ገዝቶ የተደሰተበትን ሳይሆን ገዝቶ የተበሳጨበትን ነው በብዛት የማየው።

ከራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ «ይሄ እኮ 2 ጊጋ ግራፊክስ አለው» አለኝ። በቃ፣ ልቤ ቀለጠ። ብር ጨምሬ ወሰድኩት። ራሙ (የሚሠራበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ ዲስኩም ያ የድሮው፣ የሚሽከረከረው። ዊንዶውስ እስኪነሳ አቦሉ አልቆ ቶናው ይቀርብ ነበር። የከፈልኩበት ግራፊክስ ካርድ ግን ተኝቷል።

ተኝቷል ስል ቀልዴን አይደለም። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግራፊክስ፣ ማለትም ለስክሪኑ ምስል የሚያዘጋጅ ክፍል፣ ነው ያለው። አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ሌላው ለብቻው የተገጠመ። ለብቻው የተገጠመው ካርድ ባትሪ እንዳይጨርስ ከባድ ሥራ እስኪመጣ ድረስ ይጠፋል። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ቴሌግራም፣ ፊልም አይቀሰቅሱትም። እ.ኤ.አ. በ2016 መውጣት የጀመሩት የኢንቴል 7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮች እንኳ የ4ኬ ቪዲዮን ያለ ሌላ ካርድ ያጫውታሉ።

ታዲያ ትንሽ ካርድ ጥቅም የለውም ወይ? አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የኤንቪዲያ ኤምኤክስ 150 ካርድ ውሰዱ። ዶታ 2ን እና ፔስ 2017ን ይሸከማል። ለማታ ጨዋታ ይበቃል። ጉዱ ሌላ ቦታ ነው፦ በዚያው ስም ሁለት ዓይነት ካርድ ተሸጧል። አንዱ 25 ዋት የሚወስድ፣ መነሻ ፍጥነቱ 1468 ሜጋኸርዝ። ሌላው ለቀጫጭን ላፕቶፖች የታሰበ፣ 10 ዋት፣ 937 ሜጋኸርዝ። ተለጣፊው ላይ ልዩነታቸው አይታይም። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ስትከፍቱ ግን ያጋልጠዋል።

«2 ጊጋ» የምትለዋም ቃል የጓዳውን ስፋት እንጂ የባለሙያዋን ቅልጥፍና አትነግራችሁም። 940ኤምኤክስ የሚባለው ካርድ ዘገምተኛ ዲዲአር3 ሜሞሪ ይዞም፣ ፈጣን ጂዲዲአር5 ይዞም ወጥቷል። ሁለቱም «2 ጊጋ» ሊባሉ ይችላሉ።

አርክቴክቸር የምትማሩ እጃችሁን አውጡ። እናንተን በሌላ ቋንቋ ነው የማናግራችሁ። በሉሚየን ፕሮግራም ሬንደር ልታደርጉ (የሕንፃ ንድፋችሁን ወደ ምስልና ቪዲዮ ልትቀይሩ) ካሰባችሁ ባለ 2 ጊጋ ካርድ አያዋጣም፤ ወይ ጠንከር ያለውን ግዙ፣ ወይ ለሬንደር የጓደኛ ዴስክቶፕ ተጠቀሙ። መሃል ላይ መዋለል ብር መጣል ነው።

ለሌሎቻችሁ ብሩን ኤስኤስዲ (ፈጣኑ፣ የማይሽከረከረው ዲስክ) እና ራም ላይ አውሉት። ራም ስል ደግሞ አንድ የማይወራ ነገር አለ። አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ነው የሚበላው። የኢንቴል 11ኛ ጀነሬሽን ላይ ያለው አይሪስ ኤክስኢ የተሰካው ራም አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ ስሙ ራሱ ተቀይሮ ተራ ዩኤችዲ ተብሎ ይታያል። ይህ ለገጠመው አንድ ደንበኛዬ ሁለተኛ ራም ሰካሁለት፣ ስሙም ጉልበቱም ተመለሰ። አስማት የሠራሁ መስሎት ነበር። እኔም አላስተባበልኩም።

ሱቅ ስትሄዱ ታዲያ አትፈሩ። «ልክፈተው?» በሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲመጣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። ሁለት ጂፒዩ (ግራፊክስ) ካለው ሁለቱም እዚያ ይታያሉ። ከዚያ ቪዲዮ ክፈቱና የትኛው ላብ እንደሚያልበው፣ የትኛው ዜሮ ላይ እንደተኛ ተመልከቱ። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

አሁን ላፕቶፕ የያዛችሁ አውጡት። አንድ ላይ እንሞክረው።