«መትቼዋለሁ» ማለት «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት አይደለም

የተከበራችሁ ዳኞችና ዐቃቤያነ ሕግ፣ የሙያ ባልደረቦቼ ጠበቆች፣ በዚህ ዓመት ወደ ሥራ የገባችሁ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች፤

ችሎቶቻችን ለክረምቱ ከመዘጋታቸው በፊት በምንገናኝበት በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ወንጀል ሕግ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች እንድናገር ተጋብዣለሁ። ከእናንተ ከብዙዎቹ ጋር በአንድ ችሎት ቆሜያለሁ፤ ከአንዳንዶቻችሁም ጋር ተሟግቼ ረትቻለሁ፣ ተረትቻለሁም። ስለዚህ የምታውቁትን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ላነብላችሁ አልመጣሁም። አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ እርሱን በአደባባይ ሳልናገር ጡረታ መውጣት አልፈልግም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 23 አንድ ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ በአንድነት ተሟልተው ሲገኙ መሆኑን ይደነግጋል። የሚከለክል ሕግ መኖር አለበት፤ ድርጊቱ መፈጸም አለበት፤ አድራጊውም አስቦ ወይም በቸልተኝነት ያደረገው መሆን አለበት። አንቀጽ 57 ደግሞ ጥፋት የሌለበት ሰው እንደማይቀጣ ይናገራል። ይህ ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም። የስዊሱ የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነበር። እንግዲህ የሞተን ሰው ብቻ ሳይሆን የገዳዩንም ልብ እንድንመረምር ከታዘዝን ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖናል ማለት ነው። መታዘዛችን እውነት ነው፤ መፈጸማችንን ግን እጠራጠራለሁ።

የምጠራጠርበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በ2001 ዓ.ም. በአንድ የደጋ ከተማ በመንግሥት ተከላካይ ጠበቃነት እሠራ ነበር። አንድ ማለዳ ችሎት ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አንድ መዝገብ ሰጡኝ። ተከሳሹ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ጋቢውን በትከሻው የጣለ ገበሬ ነበር። ከድንበርተኛው ጋር በውኃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው በዱላ ጭንቅላቱን መታው፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገበሬው በዚያው ቀን ማንም ሳይዘው በእግሩ ሦስት ሰዓት ተጉዞ፣ ዱላውንም ይዞ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ክሱ ተራ የሰው ግድያን በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ነበር፤ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣው።

ዳኛው ክሱን አነበቡና «ወንጀሉን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምህም?» ብለው ጠየቁት። ገበሬው ቀጥ ብሎ ቆሞ «ጌታዬ፣ ዋሽቼ አላውቅም፤ መትቼዋለሁ። እሱ ምሳሩን ሲያነሣብኝ…» ሲል ጀመረ። ዳኛው «የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ» ብለው አቋረጡት። ጸሐፊው አንዲት ቃል ጻፈ፦ «አምኗል»። እኔም መዝገቡን ገና እያገላበጥሁ ስለነበር አልተነሣሁም። በዚያ ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ገበሬው በዚያች ቃል ብቻ ጥፋተኛ ተብሎ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

ወህኒ ቤት ሄጄ ሳነጋግረው የነገረኝን ስሙኝ። «በሽማግሌ ፊት ደም ያፈሰሰ ሰው ቢክድ ነውር ነው፤ እርቁም አይሰምርም። መጀመሪያ ያምናል፣ ከዚያ የሆነውን ሁሉ ይናገራል፣ ሽማግሌውም እስከ መጨረሻው ይሰማዋል። እኔ ፍርድ ቤትም እንደዚያው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ይህ ሰው ሕጉን አልሳተም። በልማዱ ማመን የነገሩ መክፈቻ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ማመን የነገሩ መዝጊያ ሆኖ ጠበቀው። አያቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ እንኳ ተከሳሽ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ አፉ አይዘጋም ነበር።

ይግባኝ አልን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 134 ተከሳሽ አመነ የሚባለው የክሱን ፍሬ ነገር በሙሉ ያለ ምንም ገደብ ሲቀበል ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ሙሉ በሙሉ ካላመነ ግን እንደ ካደ ተቆጥሮ ማስረጃ ይሰማል። የበላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ተቀብሎ መዝገቡን መለሰው። ምስክሮች ተሰሙ። ሟች ምሳር አንሥቶ እንደነበር ሁለት ሰዎች አዩ። ፍርድ ቤቱም ገበሬው ራሱን ሲከላከል ከመጠን ማለፉን አምኖ ወንጀሉን ቅጣቱ ወደሚቀልለት የግድያ ዓይነት፣ ወደ አንቀጽ 541፣ ዝቅ በማድረግ የሦስት ዓመት ቀላል እስራት ፈረደ። ሰውየው በዚያ ጊዜ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ታስሮ ነበር። ሲወጣ ሁለቱም በሬዎቹ ተሽጠዋል፤ መሬቱን ሌላ ሰው በእኩል ያርሰዋል።

ክቡራንና ክቡራት፣ በዚያ ችሎት የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 78 የማያውቅ ሰው ነበረን? አልነበረም! ሕገ ወጥ ጥቃት ሲቃጣበት፣ ጥቃቱንም በሌላ መንገድ ማስወገድ በማይችልበት ጊዜ፣ ከሁኔታው ጋር በሚመጣጠን መጠን ራሱን ወይም ሌላውን የተከላከለ ሰው አይቀጣም ይላል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ቢያልፍ ቅጣቱ ያለ ገደብ እንዲቀልለት፣ ያለፈውም በሚገባ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ጭራሽ ሳይቀጣ እንዲቀር ለዳኛው ሥልጣን ይሰጣል። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ ፈተናም ወድቀንበት አናውቅም። ታዲያ አንድ ሰው «ምሳሩን ሲያነሣብኝ» ብሎ ሲጀምር የምናቋርጠው በየትኛው ሕግ ነው? መዝገብ ለማራገፍ የሰው ዘጠኝ ዓመት የምንወስደው ማን ሥልጣን ሰጥቶን ነው? መዝገብ በዝቶብናል የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ አልቀበለውም!

ለወጣቶቹ ስለ ሌሎቹ መከላከያዎች ጥቂት ልበል። በአእምሮ መታወክ ምክንያት የሚያደርገውን የማያውቅ ወይም ራሱን መግዛት የማይችል ሰው በአንቀጽ 48 ከኃላፊነት ነጻ ነው፤ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያልሞላ ሕፃንም በወንጀል አይጠየቅም። ሊቋቋመው በማይችለው ኃይል የተገደደ ሰውና በፍሬ ነገሩ ላይ የተሳሳተ ሰው የየራሳቸው አንቀጽ አላቸው። ዝርዝራቸውን ከመጽሐፉ ታነቡታላችሁ። እኔ የምላችሁ ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ተከሳሹ ካልተሰማ ከመዝገቡ ውስጥ እንደማይገኝ ነው።

ዐቃቤያነ ሕጉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ምርመራ መዝገቡ ውስጥ ሟች መሣሪያ ይዞ እንደነበር የሚናገር ቃል ስታገኙ ክሱን ከመጻፋችሁ በፊት ተመልሳችሁ አንብቡት። ጠበቆች ደግሞ መዝገቡን ካላነበብን ቀጠሮ እንድንጠይቅ፣ ዳኛ ቢቆጣንም እንድንጠይቅ፣ እኔ በዚያ ማለዳ ያላደረግሁትን እንድናደርግ እለምናለሁ።

ዳኞቻችን፣ ከእናንተ የምፈልገው ከዚህ ይበልጣል፤ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ችሎት ሲከፈት ተከሳሽ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲሰጥ በ«አምኗል» ወይም በ«ክዷል» ፈንታ የተናገረው ቃል እንደ ተናገረው ይጻፍ፤ ቋንቋው ሌላ ከሆነም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የፈቀደለት አስተርጓሚ አጠገቡ ይቁም። «መትቼዋለሁ» ሲላችሁም አንዲት ጥያቄ ጨምሩለት፦ «እንዴት ሆኖ መታኸው?»

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።