ተበታትኖ የሚኖርን ሰው ማን ይወክለው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እናቶች አባቶች፣ ከሽምብጥም ከፋሲሎም የመጣችሁ ወጣቶች፣ በዚህ ጊዜ መንገዱ እንዴት እንደሆነ እያወቃችሁ ከወረዳ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ወደ ገደለው ልግባ።

ክልል ምክር ቤት ውስጥ ማን ለማን ይናገራል የሚለው ነገር እኛ ጋ ሲነሳ ጣታችን ሁሌ ወደ ውጭ ነው የሚቀሰረው፣ መተከል ያለው አማራ እንዴት ይወከል፣ ወለጋ ያለውስ እንላለን። ልክ ነን ደግሞ። መተከል ያለበትን የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል ሕገ መንግሥት አንብቡት፣ ባለቤቶቹ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይልና ሌላውን ነዋሪ መብቱ ይከበራል ብሎ ያልፈዋል። በ1992 ምርጫ እዛው የአካባቢ ቋንቋ አትችሉም ተብለው ከእጩነት የተሰረዙ ሰዎች ነበሩ፣ አቤቱታቸው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ውሳኔ ያገኘው ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። ካለፈ በኋላ ምን ያደርጋል!

ዛሬ ግን ስለ ራሳችን ሐይቅ፣ ስለ ጣና ዳሮቹ ወይጦዎች ነው የማወራው።

የኛ የአማራ ክልል በዚህ ጉዳይ ምንም አልሰራም የሚል ካለ አልስማማም። አዊ፣ ዋግ ኽምራ፣ ከሚሴ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፣ አርጎባም በኋላ ልዩ ወረዳ ሆኗል። እንጅባራ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በአዊኛ ይማራል፣ ሰቆጣ በኽምጣኛ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የቅማንቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በ2010 መስከረም ወር ስምንት ቀበሌዎች ላይ ወደ ቅማንት አስተዳደር ትገባላችሁ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 7ቱ በነበርንበት እንቆያለን አሉ፣ ግን ድምፁ ተቆጥሮ ነገሩ አላበቃም፣ ከዛ ወዲህ የሞተውና የተፈናቀለው ሰው ያሳዝናል። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ሁሉም ነገር ካርታ ላይ መንጠልጠሉ ነው፣ ውክልና የሚገኘው በመሬት ከሆነ ሰው ሁሉ ለመስመር ይጣላል፣ መስመሩ በየትም ቢሰመር ደግሞ ወዲያ ማዶ የሚቀር ሰው አይጠፋም።

መስመር የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለውስ? ነገደ ወይጦን ነው የምላችሁ። እዚህ ባህር ዳር ከተማ ውስጥ አሉ፣ ደምቢያ አሉ፣ ጣናን ዙሪያውን ዳር ዳሩን አሉ። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሰሩት፣ ዓሣ የሚያሰግሩት፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡት፣ ስፌት የሚሰፉት እነሱ ናቸው። የባህር ዳር ፖስት ካርድ ላይ ታንኳው አይጠፋም፣ ባለታንኳው ግን ምክር ቤት ውስጥ የኔ የሚለው ወንበር የለውም። አያቶቻቸው ጉማሬ በሉ ተብሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሯቸው ማዕድ ላለመቅረብ ስንት ዘመን ምክንያት ሲደረድር ኖሯል፣ ጋብቻውንማ ተዉት።

ሕጉ ጋ ስትሄዱ ደግሞ የባሰ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ 5 ብሔረሰብ ማን እንደሆነ ሲዘረዝር የጋራ ቋንቋ ያላቸው፣ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር የሚኖሩ ይላል። ቋንቋውን እንይ። በፈረንጆቹ 1770 አካባቢ እዚህ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ ፈፅሞ የተለየ ቋንቋ ይናገራሉ ብሎ ፅፎ ነበር፣ ዛሬ አፍ የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ከኛ ጋር ሲኖሩ እኮ ነው የጠፋባቸው፣ ታዲያ አሁን ቋንቋ የላችሁም ተብሎ መብት ቢከለከሉ ምን ይባላል? የተያያዘ መልክዓ ምድር የሚለውም ያው ነው፣ ደንገል ያለበትን ተከትሎ የሚኖር ሰው ወረዳ የሚሆን አንድ ቦታ ከየት ያመጣል። በምርጫም አይሆንላቸውም፣ የኛ ምርጫ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ የሚወስድበት ነው፣ ተበታትኖ ያለ ጥቂት ሰው መቼም አንደኛ አይወጣም።

እስከዛው ሐይቁ ዳር ለሎጅና ለሪዞርት ይሸነሸናል፣ ደንገሉ ተመንጥሮ እርሻ ይሆናል፣ እምቦጭ የቀረውን ያለብሰዋል፣ በዚህ ሁሉ ስብሰባ እጁን አውጥቶ ‹‹ኧረ እኛስ›› የሚል ወይጦ የለም።

መፍትሔው ከጨረቃ የሚመጣ አይደለም፣ ሐረር አለ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበር አለው፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፣ ለሱ አዲስ አበባ የሚኖር ሐረሪም ይመርጣል። በ2013 ምርጫ ቦርድ ይሄ አይሆንም ብሎ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ሐረሪዎቹ ረተዋል። እርግጥ እዛ ያለው ኦሮሞና አማራ የሐረሪው ድርሻ በዛ ብሎ ቅር ይለዋል፣ እኔም ልኩ በዝቷል ባይ ነኝ። መንገዱን ግን ልብ በሉት፣ ውክልናው ሰውየውን ነው የሚከተለው፣ ቀበሌውን አይደለም። ከ550 የማይበልጠው የፌዴራሉ ፓርላማም ቢያንስ 20 ወንበር ለአናሳ ብሔረሰቦች ይይዛል፣ ስለዚህ ለአገሩም አዲስ ነገር አይደለም።

እኔ የምለው፣ ክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ጥቂት ወንበር፣ ባህር ዳር ከተማ ምክር ቤት ውስጥም እንዲሁ፣ መራጩ እኔ ወይጦ ነኝ ብሎ ይመዝገብ፣ ቋንቋ መስፈርት አይሁን። አንዳንዱ ይሄ መከፋፈል ነው ይለኛል። እንዴ፣ በዚህ ምክንያት አንድ ቀበሌ አይቆረጥም፣ ማንም ውጣ አይባልም፣ ደስ ያለኝም ለዚሁ ነው። መተከል ላለው ወንድማችን ስንከራከርም እኛ ጋ እንዲህ አድርገናል ብለን የምናሳየው ነገር ይኖረናል፣ አሁን ምን እናሳያለን?

የምፈራው ሌላ ነው፣ ፓርቲ የመረጠውን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ለፎቶና ለጭብጨባ ብቻ መጥራት። እሱ ከሆነ ባይኖር ይሻላል። የሚወክላቸውን ራሳቸው ይምረጡ፣ የሐይቁ ዳር መሬት አጀንዳ ሲሆን ደግሞ ሳይሰሙ አይወሰን።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምክር ቤት ሰዎች አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። የክልሉ ሕገ መንግሥት በ1994 ተሻሽሏል፣ ድጋሚ መሻሻሉ አይቀርም፣ ያኔ ረቂቅ ከመፃፋችሁ በፊት ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ አነጋግሯቸው፣ አበል እንኳን አያስፈልገውም በእግር ይደረሳል። እኔ ጨርሻለሁ፣ የማትስማሙ ካላችሁ ማይኩን ከናንተ ነው የምጀምረው።